ደሙ ከየት መጣ? ያልተለመደ የማህፀን ደም መፍሰስን መንስኤ የመገመት ታሪክ



 ርእሱን ሰምታችሁ ከሕክምና ትምህርት ቤት የመጣችሁም እንዳላችሁ አያለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው የምርመራ መመሪያ ሳይሆን የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄውም «አንዲት ሴት ከወትሮው ውጭ ደም ሲፈስሳት፣ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሰዎች በየዘመኑ እንዴት ገመቱ?» የሚል ነው። የማነሣቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣኝ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የእናቴን ታላቅ እህት እትዬ እያልን ነው ያደግነው። እትዬ የወር አበባቸው ከቆመ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም ማየት ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው ቡና ላይ ሲሰሙ «ወጣትነት ተመለሰልዎ» ብለው ሳቁ፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ። ወራት ካለፉ በኋላ ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ሄዱ። የተቀበላቸው ባለሙያ የፊታቸውን መገርጣት አይቶ ደም እንዳነሳቸው ተናገረ፤ የብረት እንክብል ሰጥቶም «የዕድሜ ነው፤ የማረጥ ነው» ብሎ አሰናበታቸው። ደሙ ከመቼ ጀምሮ እንደሚታያቸው፣ አበባቸው ከቆመ ስንት ዓመት እንደ ሆነ አልጠየቃቸውም፤ አልመረመራቸውምም። እትዬ ደግሞ ሳይጠየቁ እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገሩ ሴት አልነበሩም። ሁለት ዓመት ያህል እንክብሉን ዋጡ። በመጨረሻ የማህፀን በር ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ በሽታው ከቀዶ ሕክምና ደረጃ አልፎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርሁ።

ከዚያ ወዲህ የሕክምና ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር አንድ የአማርኛ ቃል ይመላለስብኛል፤ «ግምት»። ግምት በቋንቋችን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሳይረጋገጥ የሚሰጥ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ግምት ሰጠው» ስንል ያለው ነው፤ ትኩረት መስጠት፣ ማክበር፣ ቁም ነገር አድርጎ መያዝ። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ይህን ነው፦ የደም መፍሰስን መንስኤ የመገመት ጥበብ ለረጅም ዘመን የተሳሳተው መሣሪያ ስላልነበረ ብቻ አይደለም። ስለ ደሟ የገመቱት ሰዎች ለሴቲቱ ቃል ግምት ሳይሰጡ በመቅረታቸውም ጭምር ነው።

ጥንታዊው ግምት

በዚህ አዳራሽ ያለን ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥንታዊ የሕመም ታሪክ በወንጌል ያለው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት በማቴዎስም፣ በማርቆስም፣ በሉቃስም ተጽፋለች። የታሪክ ተማሪ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያነብ አንድ ልዩነት ያገኛል። ማርቆስ ሴቲቱ በብዙ ባለመድኃኒቶች እጅ እንደ ተሠቃየች፣ ገንዘቧን ሁሉ እንደ ጨረሰችና ሕመሙ እንደ ባሰባት ይናገራል። በትውፊት ሐኪም ነበር የሚባለው ሉቃስ ግን «ባሰባት» የሚለውን ትቶታል። ስለ ሙያው ማፈሩ ይሁን ሌላ፣ እርሱን ለተርጓሚዎች እተዋለሁ። ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው በታሪኩ መጨረሻ ያለው ነው፤ ሴቲቱ እየፈራች ወጥታ የሆነባትን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች፤ የሚያዳምጣትም አገኘች። ከአሥራ ሁለት ዓመት የሕክምና ልፋት ውስጥ የታሪኳ መደመጥ የተጻፈው በዚህ ቦታ ብቻ ነው።

የግሪክ ሐኪሞችስ እንዴት ገመቱ? በሂፖክራተስ ስም በተሰበሰቡት ጽሑፎች ውስጥ የወር አበባ እንዲገታ በጡት ላይ ትልቅ ዋግምት እንዲደረግ የሚያዝዝ ምክር አለ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም የራሱ አመክንዮ ነበረው። ማህፀንና ጡት በደም ሥር የተያያዙ ናቸው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ወደ ታች የሚሄደውን ደም ወደ ላይ መሳብ ይቻላል ብለው ገመቱ። ግምቱ ከንድፈ ሐሳብ ይነሣል፤ ታማሚዋ የምትለው ነገር በንድፈ ሐሳቡ ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሮም የሠራው የኤፌሶኑ ሶራኖስ ግን የተለየ ነበር። የማህፀን ደም መፍሰስን ሲያብራራ አስቸጋሪ ምጥን፣ ውርጃንና ቍስልን በመንስኤነት ዘርዝሯል። አንድ ሕመም ብዙ ምንጭ ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ የመልካም ግምት መጀመሪያ ነው። አዋላጅ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለባትም በሰፊው ጽፏል፤ ከሴቶች ጋር በቅርብ የሚሠራ ሰው ብዙ ምክንያት ማየቱ አይገርምም።

በአገራችን የነበረው ግምት

ወደ አገራችን ስንመጣ ሦስት መንገዶችን እናገኛለን። የመጀመሪያው የዐውደ ነገሥት መንገድ ነው። የታማሚዋ ስምና የእናቷ ስም በፊደላቱ ቍጥር ተደምሮ ይገደፋል፤ በቀሪውም ኮከቧና የሕመሟ ምክንያት ይነገራል። ይህ በትክክለኛ ትርጕሙ መንስኤን አስቀድሞ የመናገር ሥራ ነው። ስሌቱ የሚያስፈልገው ስም ብቻ ስለ ሆነ ሴቲቱ በቦታው ባትገኝ እንኳ መልሱ አይለወጥም። ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ በቪየና እንመለስበታለን።

ሁለተኛው የክታብ መንገድ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች በብዛት ተቀምጠው የሚገኙት የብራና ጥቅሎች የሴቶችን ሕመም በብዛት ይጠቅሳሉ። ለሾተላይ፣ ለዓይነ ጥላ፣ ደም እንዲገታም የተጻፉ ጸሎቶች አሉባቸው። የባለቤቲቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ስለሚገባ እነዚህ ጥቅሎች ስለ ሴቶች ሕመም ያሉን ብርቅ የታሪክ ምንጮች ናቸው። ሦስተኛው የመጽሐፈ መድኃኒት መንገድ ነው። ስቴፋን ስትረልሲን በ1968 ማሳተም በጀመረው ሥራው የኢትዮጵያን የመድኃኒት ጽሑፎችና ዕፀዋት ለተመራማሪው ዓለም አቅርቧል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1990 ባሳተመው የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ውስጥ የባህሉን ሕክምና ከዘመናዊው ጋር አያይዞ ተርኳል።

ከሦስቱም መንገዶች በላይ ግን አንድ ኃይለኛ ልማድ ነበር፤ እርሱም ዝምታ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሴት ደም በሚታያት ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ደግሞ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ሥርዓት መሠረት፣ ሴቶች በዚያ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ወዳለች የመርገም ጎጆ ይወጡ ነበር። ይህን የማነሣው ሥርዓቱን ለመንቀፍ አይደለም። ለብዙ ሴቶች ጎጆዋ የዕረፍት ቦታ እንደ ነበረችም ይነገራል። የምለው ይህን ነው፦ ደም በቀኑ መጥቶ በቀኑ ሲሄድ ሥርዓቱ ይሸከመዋል፤ ሳይቋረጥ ሲፈስስ ግን ሴቲቱን ከሰው ይለያታል። ስለዚህ ትደብቀዋለች። የተደበቀ ሕመም ደግሞ ለግምት አይመችም።

መጥረጊያውና ማይክሮስኮፑ

በአውሮፓ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓይን ዘመን ነበር። ሐኪሞች ማህፀንን ከውጭ ከመገመት ይልቅ ወደ ውስጡ ለመድረስ ተነሡ። በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ሬካሚዬ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚጠርግ መሣሪያ አስተዋወቀ። ዛሬ በእኛም አገር ሴቶች «ማህፀኔን ተጠረግሁ» የሚሉት ሕክምና ምንጩ ይህ ነው። በ1869 ደግሞ ፓንታሌዮኒ የተባለ ሐኪም ካረጠች በኋላ ደም የሚፈስሳትን የ60 ዓመት ሴት ማህፀን በብርሃን መሣሪያ ተመልክቶ በውስጡ ፖሊፕ፣ ማለትም ትንሽ የሥጋ ጕጥ፣ አገኘ። ግምት በዓይን ምስክርነት ተረጋገጠ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ ዓይን ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችል ያሳየው ይኸው ዘመን ነው። ሐኪሞቹ የተጠረገውን ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ አንዳንዱ ቀጭን፣ አንዳንዱ ወፍራምና በተጠማዘዙ ዕጢዎች የተሞላ ሆኖ አገኙት። ወፍራሙን የማህፀን ሽፋን ብግነት ብለው ሰየሙት። ስሙ ከወጣ በኋላ ምክንያቱም የተገኘ መሰለ፤ ደም የሚፈስሳት ሴት ስትመጣ ብግነት ነው ይባላል፤ ይጠረጋል፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ወፍራም ሆኖ ከተገኘ ግምቱ ትክክል ነበር ይባላል።

በ1908 በቪየና ፍሪትስ ሂችማንና ሉድቪግ አድለር አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ሽፋኑን ከማየታቸው ጋር ሴቲቱ የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችበትን ቀን አገናኙት። በየናሙናው አጠገብ ቀኑ ሲቀመጥ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ፤ የጤነኛ ሴት የማህፀን ሽፋን በየወሩ ይለወጣል፤ ከአበባዋ በኋላ ቀጭን ነው፤ አበባዋ ሊመጣ ሲል ይወፍራል። ለብዙ ዓመታት በሽታ ተብሎ ሲጠረግ ከኖረው አብዛኛው የተፈጥሮ ሥራ ነበር።

እንግዲህ ከዐውደ ነገሥቱ ጋር አስተያዩት። በአንዱ በኩል ስም የሚደምር ደብተራ አለ፤ በሌላው በኩል ማይክሮስኮፕ የያዘ ፕሮፌሰር። መሣሪያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ሴቲቱን «መቼ ነው ያየሽው?» ብለው ሳይጠይቁ መልስ መስጠታቸው ነው። ስሕተቱን ያረመው ከእርሷ አፍ የተገኘ አንድ ቀን ነው።

ከኦቫሪ እስከ ጦጣ ዓይን

ወርኃዊው ለውጥ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ «ለውጡን የሚያዘው ማን ነው?» የሚል ሆነ። ጀርመናዊው ሮበርት ሽሮደር በ1910ዎቹ የማህፀን ሽፋንን ለውጥ ከኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል ከሚመነጭበት አካል፣ ለውጥ ጋር አገናኘ። እንቁላል በወቅቱ ካልወጣ ሽፋኑ ያለ ልክ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ ያለ ሥርዓት እንደሚደማ አሳየ። ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ በ1923 ስለ ኤስትሮጅን፣ ጆርጅ ኮርነርና ዊላርድ አለን ደግሞ በ1929 በኋላ ፕሮጄስትሮን ስለተባለው ሆርሞን ያቀረቧቸው ሥራዎች ለዚህ ግኝት ኬሚካዊ መሠረት ሰጡት።

በ1940 አሜሪካዊው ማርኪ ያሳተመው ጥናት በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከሚደነቁት አንዱ ነው። የማህፀን ሽፋን ቍራጭ በጦጣ ዓይን የፊተኛ ክፍል ውስጥ ተከለ፤ በመስተዋት በኩል እንደሚመለከት ሰው የወር አበባን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከተ። ሆርሞኑ ሲቀንስ የተጠማዘዙት የደም ሥሮች እየጠበቡ ሽፋኑ ሲፈርስ አየ። የወር አበባ ደም የሰውነት ቆሻሻ ማስወገጃ ነው የሚለው ጥንታዊ ሐሳብ ከዚህ በኋላ የሚቆምበት መሬት አልነበረውም።

ዳሩ ግን አዲስ እውቀት አዲስ ስምም ይወልዳል። በማህፀን ውስጥ የሚታይ ነገር ያልተገኘበት ደም መፍሰስ ሁሉ «የአሠራር መዛባት ደም መፍሰስ» ተባለ። ቃሉ የሚናገረው ሐኪሙ ፈልጎ ያጣ መሆኑን ነው፤ በታማሚዋ ካርድ ላይ ሲጻፍ ግን እንደ ምርመራ ውጤት ይነበብ ነበር። በዚህ ሰፊ ስም ሥር ምን ያህል የተለያዩ ሕመሞች እንደ ተቀበሩ ለማየት ወደ ባልቲክ ባሕር ደሴቶች እንሂድ።

የኦላንዷ ልጅ

በ1924 ኤሪክ ፎን ዊልብራንድ ለተባለ የሄልሲንኪ ሐኪም ከኦላንድ ደሴቶች አንዲት የ5 ዓመት ልጅ መጣችለት። ከእርሷ በፊት እህቶቿ በደም መፍሰስ ሞተዋል። ዊልብራንድ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ አጥንቶ በ1926 አዲስ የደም አለመርጋት በሽታ መኖሩን አሳተመ። ከሄሞፊሊያ የሚለየው ሴቶችንም የሚይዝ መሆኑ ነበር። ልጅቱ 13 ዓመት ሲሆናት ዐረፈች፤ የሞተችው በአራተኛ የወር አበባዋ ደሙ አልቆም ብሎ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ብዙ ደም ለሚፈስሳት ልጃገረድ ሁሉ የደም መርጋት ጥያቄ መነሣቱ ነበር። ሆኖም በሽታው የደም ሐኪሞች፣ የወር አበባው ደግሞ የማህፀን ሐኪሞች ሆኖ ቀረ። በለንደን ካድርና ባልደረቦቿ የወር አበባ ደም በዝቶባቸው የመጡ 150 ሴቶችን መርምረው በ1998 ባሳተሙት ጥናት 17 በመቶው በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት ችግር እንዳለባቸው አገኙ፤ 13 በመቶው የዊልብራንድ በሽታ ነበረባቸው። በኦላንድና በለንደን ጥናቶች መካከል ከ70 ዓመት በላይ አለ።

እነዚህን ሴቶች ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከመጀመሪያዋ የወር አበባ ጀምሮ ይበዛባታል ወይ? ጥርሷ ሲነቀል ደሙ አልቆም ብሎ ያውቃል ወይ? በቤተሰቧ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ? ብሎ መጠየቅ ነው። ለምርመራ ማን መላክ እንዳለበት የሚለየው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

80 ሚሊ ሊትር

ለመሆኑ ደም «በዛ» የሚባለው መቼ ነው? በስዊድን ጎተንበርግ ሌፍ ሃልበርግና ባልደረቦቹ 476 ሴቶች የተጠቀሙበትን የንጽሕና መጠበቂያ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ደም በኬሚካል ዘዴ ለኩ። በ1966 ያሳተሙት ጥናት በአንድ የወር አበባ ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ የሚፈስሳቸው ሴቶች ለደም ማነስ እንደሚጋለጡ አመለከተ። ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ መጠን ነው። ቍጥሩ ለሳይንስ ታላቅ ጥቅም ሰጠ፤ መድኃኒትን ከመድኃኒት ማወዳደር ተቻለ።

ነገር ግን ቍጥሩ መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ሆነ። ቀጣይ ጥናቶች ደም በዛብን ከሚሉ ሴቶች ብዙዎቹ ሲለካ ከ80 ሚሊ ሊትር በታች እንደሚፈስሳቸው፣ ምንም ቅሬታ የሌላቸው አንዳንዶች ደግሞ ከዚያ በላይ እንደሚፈስሳቸው አሳዩ። ከዚህ ተነሥቶ «ሴቶች መጠኑን አያውቁትም» የሚል ድምዳሜ ተሰጠ። ሌላ ትርጓሜም ይቻል ነበር፤ ሴቲቱ የምትናገረው ስለ ሚሊ ሊትር ሳይሆን ስለ ኑሮዋ ነው። ልብሷ ስለ መበላሸቱ፣ ከሥራ ስለ መቅረቷ፣ የረጋ ደም አይታ ስለ መደንገጧ።

በዚሁ ዘመን ምክንያቱ ሳይለይ ሕክምናው ይሮጥ ነበር። በእንግሊዝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ቅሬታ ወደ ሕክምና ከመጡ ሴቶች ቢያንስ 60 በመቶው ማህፀናቸው እንደሚወጣ ይገመት ነበር። ከወጡት ማህፀኖች ብዙዎቹ ሲመረመሩ የሚታይ ጉዳት አልነበረባቸውም። የደሙን መፍሰስ የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ግን አዲስ አልነበረም። ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ ሾሱኬ ሴቶች በወሊድ ጊዜ በደም መፍሰስ መሞታቸውን ለመቀነስ ሲጥሩ አግኝተው በ1962 አሳትመውት ነበር።

ዘጠኝ ምክንያት

በ2005 በዋሽንግተን የተሰበሰቡ ባለሙያዎች አንድ አሳፋሪ ነገር አመኑ፤ ከግሪክና ከላቲን የተወረሱት የደም መፍሰስ ስሞች በየአገሩና በየመጽሐፉ የተለያየ ነገር ማለት ሆነዋል። ስለዚህ የድሮዎቹን ስሞች መተውና ሴቲቱ የምትናገረውን በቀላል ቃል መመዝገብ ይሻላል አሉ፦ በስንት ቀን ይመጣል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ቀኑን ይጠብቃል ወይ፣ መጠኑ ለእርሷ እንዴት ነው? የዓለም አቀፉ የጽንስና የማህፀን ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2011 ያጸደቀው፣ በ2018ም ያሻሻለው ሥርዓት በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሥርዓቱ እርጉዝ ያልሆነችን፣ በመውለጃ ዕድሜ ያለችን ሴት የሚመለከት ሲሆን ዘጠኝ የመንስኤ ክፍሎች አሉት። አራቱ በምስል ወይም በናሙና የሚታዩ ናቸው፤ ፖሊፕ፣ የማህፀን ሽፋን ወደ ማህፀን ጡንቻ መግባት፣ ማዮማ፣ ካንሰርና ለካንሰር የሚያጋልጥ የሽፋን መወፈር። አምስቱ በዓይን የማይታዩ ናቸው፤ የደም አለመርጋት፣ የእንቁላል አወጣጥ መዛባት፣ የራሱ የሽፋኑ ችግር፣ በሕክምና ወይም በመድኃኒት የሚመጣ፣ በመጨረሻም ገና ያልተመደበ። «የአሠራር መዛባት» የሚለው አሮጌ ስም ተሰረዘ።

በዚህ ዝርዝር ሁለት ነገር ያስደስተኛል። አንደኛ፣ አንዲት ሴት ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖራት እንደሚችል ያምናል፤ በአልትራሳውንድ ማዮማ መታየቱ ደሙ ከማዮማው ነው ለማለት አይበቃም። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ክፍል አለማወቅን በስሙ ይጠራል።

ከማረጥ በኋላ ለሚመጣው ደምም ትዕግሥተኛ ሥራ ተሠርቷል። በሰሜን አውሮፓ አገሮች 1,168 ሴቶችን ያጠናውና በ1995 የታተመው ሥራ በአልትራሳውንድ የተለካው የማህፀን ሽፋን ከ5 ሚሊ ሜትር በታች በሆነባቸው ሴቶች የሽፋን ካንሰር አለመገኘቱን አሳየ። ይህ ግምት በእውነተኛ ክብሩ ነው፤ ማን አስቸኳይ ናሙና እንደሚያስፈልጋት፣ ማን ከመጠረግ ልትድን እንደምትችል ይለያል። ነገር ግን የሚሠራው ማረጧና ደም ማየቷ አስቀድሞ ከታወቀ ነው። የማህፀንን በርም አይመለከትም፤ እርሱ ለብቻው መታየት አለበት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ በሦስት ነጥብ ልደምድም።

አንደኛ፣ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ምግብ አለ፣ ወባ አለ፣ ጥገኛ ተውሳክ አለ፣ ወሊድ አለ። ነገር ግን ለደም ማነስ እንክብል ስንሰጥ «ደሙ የት ሄደ?» ብለን ካልጠየቅን ቀዳዳ እንስራ እንደ መሙላት ነው።

ሁለተኛ፣ በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙበት የወሊድ መቆጣጠሪያ በመርፌ የሚሰጠው ነው፤ በክንድ የሚቀበረውም እንዲሁ ተስፋፍቷል። ሁለቱም የወር አበባን ሊያዛቡ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ቀድሞ የተነገራት ሴት ትታገሣለች ወይም ሌላ ትመርጣለች፤ ያልተነገራት ግን ትደነግጣለች፤ አቋርጣም ትሄዳለች። በመርፌው ምክንያት ነው ብሎ ያለ ምርመራ መደምደምም ያው የድሮው ስሕተት ነው፤ ከመርፌው ጋር እርግዝናም፣ ኢንፌክሽንም፣ ካንሰርም ሊኖር ይችላልና።

ሦስተኛ፣ የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። ሃራልድ ሱር ሃውሰን የበሽታውን ቫይረስ ከማግኘቱ የተነሣ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መሰጠት ተጀመረ። ይህ የእትዬን የልጅ ልጆች ይደርሳል። እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ግን ዛሬም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ካረጡ በኋላ ደም ማየት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ሆኖም ሳይመረመር «የዕድሜ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ፈጽሞ አይገባም። ወጣትነትም አይመለስም።

የሕክምና ተማሪዎች ሆይ፣ ነገ በእጃችሁ ከእኔ ትውልድ የተሻለ መሣሪያ ይኖራችኋል። መንስኤን ከመረጃ ክምችት የሚያሰላ ኮምፒዩተርም በጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጥ ይሆናል። አልቃወመውም። ዳሩ ግን ኮምፒዩተሩ የሚያሰላው የተጻፈለትን ነው። የእትዬ ካርድ ላይ የተጻፈው «ደም ማነስ» የሚል ብቻ ነበር። አበባቸው ከቆመ ስንት ዓመት እንደ ሆነ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ይዘውት ሄዱ።

የሂችማንንና የአድለርን ጥያቄ ለመጠየቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። «እናቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ወንበር ስቦ መቀመጥ ይበቃል። መገመት ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ አስቀድሞ ግምት መስጠት ነው።